ደንዚል በራሱ ድምፅ

ናሽቪል፣ ማርች 4 ቀን 1979

ውድ ኦፓል፣

እንደምን ነሽ ከማለቴ በፊት አንድ ቅሬታ ላቅርብ። ሰኞ ደወልኩ፤ የእህትሽ ልጅ ሪቫ አነሳችና «አትክልት ቦታ ናት» አለችኝ። ሐሙስ ደወልኩ፤ «ተኝታለች» ተባልኩ። ትናንት ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አለችኝ። ትናንት ቅዳሜ ነበር! አንቺ እሁድን እንኳን ተለምነሽ ነው የምትሄጂው፤ ከመቼ ወዲህ ነው ቅዳሜን የጨመርሽው? ሪቫ ጥሩ ልጅ ናት፤ ውሸት ግን አታውቅበትም።

ተቀይመሽኝ እንደሆነ ንገሪኝ። ካልተቀየምሽኝ ደግሞ ድምፅሽን አሰሚኝ። ጉሮሮሽን ከታከምሽ ይኸው ብርዱ አልፎ ዛፉ ማቆጥቆጥ ጀመረ፤ ከአንቺ የደረሰኝ ግን አንድ ፖስትካርድ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ዶሮዎችሽ ነው የሚያወራው። ዶሮዎቹ ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። አንቺስ?

እኔ እንደነበርኩ ነኝ። የግሌናን መጋረጃዎች አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። ምስኪን፣ ባሏ እንዲህ ያለ ባለሙያ መሆኑን ሳታይ ሞተች። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ጊታሬን እነካካለሁ። በቀደም ፀጉር አስተካካዩ «የኦፓል ሆልኮምን ዘፈኖች የምትጽፈው ሰውዬ አንተ ነህ አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነኝ አልኩት። «እኔ ራሷ የምትጽፈው ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ቅር አይበልህ ብሎ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲል ሳቅሁበት። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው ስጽፍልሽ፤ ሰው ከሆድሽ የወጣ ከመሰለው ሥራዬን ሠርቻለሁ ማለት ነው።

ከደብዳቤው ጋር ካሴት አለ። ለሚቀጥለው አልበምሽ ያሰብኳቸው ሦስት ዘፈኖች ናቸው። እንደተለመደው የማንጎራጉረው እኔው ነኝ፤ ድምፄን ቻይውና ዜማውን ያዢ። ሦስተኛዋ የታመመች እናቷን ፀጉር ስለምታጥብ ሴት ናት። ለሷ ትንሽ ተስፋ አለኝ።

የሚያስቅ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ጋርላንድ ደወለልኝ፤ አዎ፣ ያንቺን ሸክላዎች ሁሉ የቀረጸው ጋርላንድ ፑል። «ደንዚል፣ ለብቻህ የምትዘፍንበት አልበም እንሥራ» አይለኝም! «በጠዋቱ ጠጥተሃል እንዴ?» አልኩት። በሃምሳ አንድ ዓመቴ! እኔ እንኳን ሕዝብ ፊት፣ ድመት ፊት መዝፈን የማልችል ሰው! አንቺም ሳቂ ብዬ ነው።

የሁልጊዜው፣
ደንዚል

ካሊኮ ሮክ፣ አርካንሳ፣ ማርች 14 ቀን 1979

ደንዚል፣

አልተቀየምኩህም። አትደውል። እዚህ ስልኩ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፤ ወይዘሮ ታሊ እጀታውን ታነሳና ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ትሰማለች። የአንተና የእኔን ወሬ ከሰማች እስከ እሁድ ድረስ ወንዙን ተሻግሮ ይደርሳል። ጻፍልኝ። የእጅ ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረው ቢመስልም ለምጄዋለሁ።

ሐኪሙ ዝም በይ ብሎኛል፣ ዝም ብያለሁ። ሪቫ «አክስቴ፣ ቤቱ እንዲህ ሰላም ሆኖ አያውቅም» እያለች ትቀልድብኛለች።

ካሴቱን ሰማሁት። የመጀመሪያዋ ጥሩ ናት። ሁለተኛዋ አዝማቿ ረዘመ፣ ቁረጠው። ሦስተኛዋን አልዘፍናትም።

ለምን ብትለኝ ውሸት ስለሆነች። የማን ፀጉር ነው ደንዚል? እናትህ አንተ ዳዴ ስትል ነው የሞተችው። አንተ ያጠብከው የግሌናን ፀጉር ነው። ጉልበቷ ካለቀ በኋላ፣ ወንበሩን ወደ ወጥ ቤቱ ቧንቧ አስጠግተህ፣ አንገቷ ሥር ፎጣ አጥፈህ። የማውቀው ስላየሁህ ነው። ሾርባ ይዤ መጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ሁለታችሁም አላያችሁኝም። ሾርባውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ያን ነገር ወስደህ ለእኔ አፍ እንዲመች ሚስትን እናት፣ ባልን ሴት ልጅ ስታደርገው ጊዜ አንጀቴ አረረ። ቀሚስ አልብሰኸው እኮ ነው የላክኸው! አውልቀው።

በጋርላንድ ደግሞ አልሳቅሁም። ምኑ ነው የሚያስቀው? ሂድና ስማው።

ኦፓል

ናሽቪል፣ ማርች 29 ቀን 1979

ኦፓል፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ አወጣሁት። ሾርባው ደረጃው ላይ ከየት እንደመጣ እስከዛሬ አላወቅንም ነበር። ግሌና የጎረቤት መስሏት ሳህኑን ለስንት ሰው አሳየች።

ዘፈኑን አስተካከልኩት። ካሰብኩት በላይ ከበደኝ። «እናቴ» የሚለውን ባነሳው ቁጥር የተቀረው ሁሉ ፈረሰ፤ ከላይ ጀምሬ ነው የሠራሁት። አሁን አዝማቿ እንዲህ ናት፦

ውሃው ለብ ይበል ወይ፣ ንገሪኝ ዓለሜ፣
ዘንበል በይ እጄ ላይ፣ አለሁልሽ ቆሜ።

ጨረስኩና ጮክ ብዬ ስዘፍናት አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህቺን አንቺ ልትዘፍኛት አትችዪም። የባል ዘፈን ናት። ላንቺ የማይሆን ዘፈን ጽፌ አላውቅም፤ ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው የተቀመጠ መሰለኝ።

ለሱ ብዬ ነው ጋርላንድ ጋ የሄድኩት። ለማማከር እንጂ ለሌላ አይደለም። ጋርላንድ ግን የቴፑን ቁልፍ ተጫነ። የራሴን ድምፅ ሰማሁ፦ «ኦፓል፣ ይህቺን ስሚልኝ።» ከዚያ ሳል። ከዚያ ዘፈን። ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ካሴት ሁሉ የኔ ነው! ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ላንቺ የላክኋቸው፣ ላንቺ ብቻ!

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ፖስታ ቤት አመጣልኝ» አለኝ።

ሰው ምሥጢሩን በሳጥን ታሽጎ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ታውቂያለሽ? እዚያ ውስጥ ስንቱን ጊዜ ዜማ ስቼ ተሳድቤያለሁ። ግሌና ከወዲያ ሆና «ደንዚል፣ እራት!» ስትል ይሰማል። እንዴት አስችሎሽ ላክሽው? መልሽልኝ። ስለ ዶሮ እንዳትጽፊልኝ።

ደንዚል

ካሊኮ ሮክ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1979

ደንዚል፣

የላክሁት እኔ ነኝ። በካርቶን ሞልቼ ሪቫን አሸክሜ ነው ፖስታ ቤት የሰደድኋት። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ይቅርታ የምጠይቅ ብሆን ኖሮ አልልከውም ነበር።

«ብትጠይቂኝስ ኖሮ?» ማለትህ አይቀርም። ብጠይቅህ እምቢ ትለኝ ነበራ! አላውቅህም እንዴ? ሠርግህ ላይ እንኳን «እሺ» ለማለት ቄሱን ሁለት ጊዜ አስደግመኸዋል።

አሁን ቁጣህን አስቀምጥና ስማኝ። እነዚያን ካሴቶች አሥራ ሁለት ዓመት የሰማሁ ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ሰምቻቸዋለሁ፤ ከከተማ ከተማ ስንከራተት ሆቴል ውስጥ ሰምቻቸዋለሁ። አንዳንዱን ዘፈን ከቀረጽኩት በኋላ ሸክላውን ትቼ ያንተን ካሴት የምሰማበት ጊዜ ነበር። ይህንን ነግሬህ አላውቅም፤ ራስህ ያብጣል ብዬ ነው። የግሌናን «እራት!» ጋርላንድም ወዶታል፤ አንተ አስቀያሚ ያልከውን ሁሉ ወዶታል።

ለቀጣዩ አልበም መቼ ናሽቪል እንደምመጣ መጠየቅህም አይቀርም፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት መኸር ላይ። እኔን ለመጠበቅ ብለህ ጋርላንድን እንዳታጉላላው።

ስለ ዶሮ አትጻፊ ስላልከኝ ስለ ንብ ልጻፍ። የእህቴ ባል ትቶት የሞተው ቀፎ ውስጥ ንብ ገባ። ሪቫ ፈርታ ቤት ተዘግታ ዋለች። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ጥሩ ዝማሬ አላቸው።

ኦፓል

ናሽቪል፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1979

ውድ ኦፓል፣

እንደምን ሰነበትሽ። ቁጣዬ አልፎልኛል፤ ዛሬ የምጽፍልሽ በኀፍረት ነው።

ስቱዲዮ ገባሁ። ጋርላንድ ያን ሁሉ ዘመን ካንቺ ጋር የሠሩትን ልጆች ሰብስቦልኝ ነበር። ቤዝ ጊታሩን ሉተር፣ ቫዮሊኑን ያ ዝምተኛው። ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። ጆሮ ማዳመጫውን አደረጉልኝ። ዘፈንኩ። ጥሩ የዘፈንኩ መስሎኝ ዓይኔን ስገልጥ ሉተር መሬት መሬት ያያል።

ጋርላንድ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነና «ደንዚል፣ አንድ ኦፓል አለችኝ። ሁለተኛ ኦፓል አልፈልግም» አለኝ።

መልሰው አሰሙኝ። እውነቱን ነው። ቃሉን ስትጎትቺ እንደምትጎትቺው ጎተትኩ፤ መጨረሻ ላይ ድምፅሽን ሸርተት እንደምታደርጊው አደረግሁ። ሪዝ ያለው ወንድ የኦፓልን ቀሚስ ለብሶ! በድጋሚ ሞከርን፤ ያው ነው። በማግስቱም ያው ነው። አንቺን ላለመምሰል ስጠነቀቅ ጊዜ ደግሞ ጨርሶ ድምፅ የሌለው ሰው ሆንኩ፤ ዜና የማነብ መሰልኩ።

ስለዚህ ለጋርላንድ የነገርኩትን ልንገርሽ። «እነዚህ ዘፈኖች የኦፓል ናቸው። መኸር ላይ ስትመጣ እሷ ትዘፍናቸው» አልኩት። የፀጉሯን ዘፈን እንተዋታለን፤ ሌሎቹ ላንቺ ይሆናሉ። ጋርላንድ እስከ ሜይ አጋማሽ አስብበት ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮውን ለሌላ ይሰጣል። ይስጥ። እኔ ወስኛለሁ።

አንቺ ብቻ መቼ እንደምትመጪ ቁርጡን ንገሪኝ። የሪቫ ስልክ አያያዝ እየተሻሻለ ነው፤ «ዓሣ ልታጠምድ ሄዳለች» ስትለኝ አመንኳት።

ደንዚል

ካሊኮ ሮክ፣ ሜይ 3 ቀን 1979

ደንዚል፣

ቁጭ ብለህ አንብበው።

መኸር ላይ አልመጣም። በሚቀጥለውም መኸር አልመጣም። ጉሮሮዬን የከፈቱ ጊዜ ዕጢውን አወጡት፤ ዕጢው ክፉ አልነበረም፣ አልሞትም። ግን ድምፅ የሚሰጠው ነርቭ ላይ ተጠምጥሞ ኖሯል። ማንም አላጠፋም፤ አስቀድመውም ነግረውኛል። የቀረልኝ ሹክሹክታ ነው፤ የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ሲታሽ የሚሰማውን ዓይነት። ሪቫ ከአጠገቤ ከሆነች ትሰማኛለች። ዶሮዎቹ ለመዱት። ስልክ ላይ ምንም አይሰማም። እንግዲህ ለምን አትደውል እንዳልኩህ አሁን ገባህ። ወይዘሮ ታሊን ያለ ኃጢአቷ ነው ያማሁት።

የደበቅሁህ ስለማውቅህ ነው። ቢነገርህ ኖሮ ጊታርህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ሐዘን ትቀመጥ ነበር። ከግሌና በኋላ ያደረግኸውን አይቻለሁ። ሁለተኛ እንዲያ ስትሆን ማየት አልፈለግሁም። ጋርላንድ ካሴቶቹን ስልክለት ያውቅ ነበር፤ እንዳይነግርህ አስምዬዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። «ኦፓልን ሆኜ ዘፈንኩ» አልከኝ። ቃል የምጎትተውን ከየት የተማርኩት ይመስልሃል? እዚያ ካሴት ላይ አንተ ስትጎትት ሰምቼ እኮ ነው! አንተ ኬንታኪ ውስጥ ከአባትህ ያመጣኸውን እኔ ካንተ ወሰድኩት፤ አሳመርኩት፣ አበዛሁት። ያን ያበዛሁትን ተወውና የራስህን ውሰድ። ካሴቱ ላይ ለማማር አልዘፈንክም፤ ዜማውን ልታሳየኝ ነው የዘፈንከው። ቁጭ ብለህ ነበር። ሆድህን ለቀህ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ለምን ቆምክ? ማን ቁም አለህ?

እነዚያን ዘፈኖች እኔ ልዘፍናቸው አልችልም። አንተ ካልዘፈንካቸው ማንም አይዘፍናቸውም። ነገሩ ይኸው ነው።

እንዳትመጣ። ወረቀቱ ላይም እንዳታለቅስ፤ ቀለሙ ይፈስና ማንበብ ያስቸግረኛል።

ኦፓል

ናሽቪል፣ ሜይ 20 ቀን 1979

ውድ ኦፓል፣

እንዳትመጣ ብለሽ ስመጣ በሩን ስለከፈትሽልኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ስላልከፈትሽልኝም አልቀየምሽም፤ በመጋረጃው ስታይኝ አይቼሻለሁ። ለሪቫ ስለሰበርኩባት ሳህን ይቅርታዬን ንገሪልኝ። ጎተራው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለጠፋሁም ይቅርታ፤ ቀፎ ላይ ነበርኩ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ንቦቹን ቀርቤም አላየኋቸው።

አተር ስንፈለፍል የዋልንባት ቀን ብዙ ባናወራም ከብዙ ወሬ ትበልጥብኛለች። ሹክሹክታሽን ለመስማት ጆሮዬን ሳስጠጋ «እንደ ፍቅረኛ አትለጠፍ» ያልሽኝን ለጋርላንድ ነግሬው በሳቅ ፈረሰ።

እዘፍናለሁ ብዬ የሰጠሁሽን ቃል ጠብቄያለሁ። በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ስቱዲዮ ገባሁ። ከወጥ ቤቴ ወንበሩን መኪናው ላይ ጭኜ ነው የሄድኩት። ጋርላንድ «እዚህ ወንበር የለም ብለህ ነው?» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥኩ። ማዳመጫውን አላደርግም አልኩ። ከዚያ ካሴት የምቀዳልሽ አስመሰልኩና «ኦፓል፣ ይህቺን ስሚልኝ» ብዬ ጀመርኩ።

የፀጉሯን ዘፈን ነው ያስቀደምኩት። ስጨርስ ዞሬ ሳይ ሉተር ቤዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ «ሲጋራ ሳጨስ ነው» አለኝ። ሉተር ማጨስ ካቆመ ቆይቷል። ጋርላንድ «እንድገመው?» ብሎ ሳይጠይቅ «ቀጣይ» አለ። ሌሎቹንም እንደዚያው ጨረስን።

ጋርላንድ «ኦፓል፣ ይህቺን ስሚልኝ» የሚለውም ሸክላው ላይ ይግባ ይላል። ምን ትያለሽ?

ሌላ ጥያቄም አለኝ። ስሰናበትሽ፣ መኪናው ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ካስነሳሁ በኋላ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብለሽ አንድ ነገር አልሽኝ። አልሰማሁሽም። ደግመሽ እንዳትደክሚ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እስከ ናሽቪል ድረስ ሳሰላስለው መጣሁ። ምን ነበር ያልሽኝ?

ደንዚል

ካሊኮ ሮክ፣ ጁን 2 ቀን 1979

ደንዚል፣

«የኋላው ጎማ ተንፍሷል» ነው ያልኩህ። አንተ ዓይንህ እንባ አቅርሮ ራስህን ስትነቀንቅ ጊዜ ገባው ብዬ ለቀቅሁህ። ሜምፊስ ደርሰህ መቆምህን ጋርላንድ ለሪቫ ነግሯታል። ጎማ መቀየርህን ለምን ደበቅኸኝ?

«ኦፓል፣ ይህቺን ስሚልኝ» ከሸክላው ላይ ይውጣ። ሸክላውን የሚገዛው ሰው ዘፈኑን ሁሉ ይስማ፤ እሷን ግን አይስማ። እሷ የኔ ናት።

የላካችሁትን ሰማሁት። ሪቫን ከቤት አስወጥቼ ነው የሰማሁት። ስለ ግሌና ፀጉር ምንም አልልም። ስለ ሌሎቹ ግን አለኝ፤ አራተኛዋ ላይ ፈጥነሃል፤ አንዱን ቃል ካልክ በኋላ ወደሚቀጥለው መሽቀዳደም የለም። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶህ ደግሞ ምንድነው? ያ ባርኔጣ የማነው? ላም አግደህ የማታውቅ ሰው! አውልቀው። ራሰ በራህን ሕዝብ ቢያይ ምን ይሆናል?

የሸክላ ካምፓኒዬ መዝፈን ማቆሜን በጋዜጣ አስነገረ። ደብዳቤ በጆንያ ይመጣልኛል። ወይዘሮ ታሊ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። የማጽናናት ሥራ በዝቶብኛል፤ በሹክሹክታ ማጽናናት ደግሞ ያደክማል።

አልበምህ ሲወጣ ጋርላንድ መድረክ ላይ ማውጣቱ አይቀርም። ስትወጣ እኔ የታወቅሁባትን «የፀደይ ውርጭ»ን ይጠይቁሃል፤ የጻፍካት አንተ እንደሆንክ አሁን ሁሉም ያውቃል። ዝፈንላቸው።

ኦፓል

ናሽቪል፣ ኦገስት 19 ቀን 1979

ውድ ኦፓል፣

ባርኔጣው ወለቀ። ጎማውን ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው።

አልበሙ ወጥቷል። እንደ አንቺዎቹ አልተቸበቸበም፤ ግን ሬዲዮ ጣቢያዎቹ የፀጉሯን ዘፈን አንስተዋታል። ባለፈው ከኦሃዮ አንድ ሰው ጻፈልኝ፤ «ሚስቴ በሕይወት አለች፤ ዘፈኑን ከሰማሁ ወዲህ ፀጉሯን እያጠብኩላት ነው፣ ምን ሆነሃል እያለች ትስቅብኛለች» ይላል። ለግሌና የማነብላት ይመስል ጮክ ብዬ አነበብኩት።

መድረኩን ጀምሬያለሁ፤ ወንበሬን ይዤ። ከመውጣቴ በፊት አሁንም የኋላ በሩን አያለሁ። ከወጣሁ በኋላ ግን ይሄዳል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልታዘዝሽም። «የፀደይ ውርጭ»ን አልዘፍንም። በየከተማው ይጠይቁኛል፤ «የኦፓል ናት» ብዬ አልፋለሁ። አንቺ ዝም ባልሽበት እኔ እሷን ይዤ መድረክ ላይ ብወጣ፣ ሰው ሳይሞት ልብሱን እንደ መልበስ ነው። አትለምኚኝ።

ደንዚል

ካሊኮ ሮክ፣ ኦገስት 27 ቀን 1979

ደንዚል፣

አልለምንህም። አዝሃለሁ።

ባለፈው ሪቫና እኔ ለዶሮዎቹ መኖ ልንገዛ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሬዲዮ ከፍቷል። አንተ መጣህ። ቆሜ ስሰማ ባለሱቁ አላወቀኝም፤ ሻርፕ አድርጌ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ጥሩ ነው፤ የኦፓልን ዘፈን ግን ለምን እንደማይዘፍን እንጃ። እሷ አትዘፍን፣ እሱ አይዘፍን፣ ማን ይዝፈናት?» አለ። መልስ ቢኖረኝም አይሰማኝም ነበር።

ኦክቶበር ላይ ፎርት ስሚዝ እንደምትመጣ አውቃለሁ። አልመጣም፤ ሰው ሲከበኝና ሁሉም ጆሮውን ወደ አፌ ሲያቀርብ አልወድም። አንተ ግን ዝፈንና ጻፍልኝ።

ኦፓል

ፎርት ስሚዝ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1979

ውድ ኦፓል፣

ሆቴል ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ሉተር ቁርስ እየበላ ይጠብቀኛል፤ ይጠብቅ።

ትናንት ዘፈንኳት።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ያንቺ አገር ሰዎች ስለሆኑ ገና ስወጣ ነው «የፀደይ ውርጭ!» እያሉ መጮህ የጀመሩት። የመጨረሻውን ዘፈን ጨርሼ «የኦፓል ናት» ልል አፌን ስከፍት ባለሱቅሽ ትዝ አለኝ። ለሉተር ምልክት ሰጠሁት። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ግን ጀመረ።

የመጀመሪያውን ክፍል ደህና ተወጣሁት። ሁለተኛው ላይ ጠፋብኝ። ራሴ የጻፍኩት ግጥም፣ ኦፓል! አንድም ቃል አልመጣልህ አለኝ። ጊታሬን እየመታሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ያኔ ሕዝቡ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ከፊት ያሉ ሴቶች፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አንድም ቃል አልሳቱም። «ያበበው» ካሉ በኋላ ግን ሁሉም ባንድ ላይ ጸጥ አሉ። ረሱ ብዬ ደነገጥኩ። አልረሱም፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ትንፋሽ ወሰደ፤ ሲወስድ ይሰማል፤ ከዚያ «ሳያፈራ፣ ውርጭ ወረደበት» ብሎ ቀጠለ።

እኔ እዚያ ቦታ ላይ ማቆሚያ አልጻፍኩም። ካሴቱም ላይ የለም። ሐረጉን ለሁለት የሚሰብር ቦታ ነው፤ ማንም የዘፈን ደራሲ እዚያ አያቆምም። ሸክላው ላይ ያቆምሽው አንቺ ነሽ። እዚያ የነበረው ገበሬው፣ ነርሷ፣ የጭነት መኪና ነጂው ሁሉ አንቺ በቆምሽበት ቆመ፤ ያንቺን ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔ እያለቀስኩ ጊታር እመታለሁ።

ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እያልኩ የረሳሁትን ዛሬ ልጠይቅሽ፤ እዚያ ማቆምን እንዴት አወቅሽ? ከየት አመጣሽው?

ደንዚል

ካሊኮ ሮክ፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1979

ደንዚል፣

ደብዳቤህን ሪቫ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። መሃሉ ላይ አቅቷት ሰጠችኝና ራሴ ጨረስኩት። ከዚያ ዶሮዎቹን ላበላ ወጣሁ፤ ከበሉ በኋላም ውጭ ቆየሁ።

ለጥያቄህ መልሱን ብነግርህ ታዝንብኛለህ። ያቺን ዘፈን የቀረጽን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ትንፋሽ አለቀብኝ። «ያበበው» ካልኩ በኋላ አንድ ቃል ለመጨመር የሚሆን አየር ሳጣ ጊዜ ቆሜ ሳብ አደረግሁና ቀጠልኩ። ጋርላንድ «ተበላሸ፣ እንድገመው» አለኝ። ጠዋት ቁርስ አልበላሁም ነበር። «ርቦኛል ጋርላንድ፣ ተወው፣ ማን ያውቅበታል?» አልኩትና ዓሣ ጥብስ ልበላ ሄድኩ።

ለማንም አትንገር። ሲቆሙ አብረሃቸው ቁም።

ኦፓል